በግራጫ ልጀምር ወይስ በቀለም? ለከተማችን ዳርቻ ብርሃን የሚስማማ የዲጂታል ሥዕል ዘዴ አመራረጥ

ዲጂታል ሥዕልን ብዙዎቻችን የለመድነው ከቪዲዮ ነው። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ እውቀታቸውን በነጻ ስለሚሰጡም ሊመሰገኑ ይገባል። ችግሩ የሚስሉት ብርሃን የኛ አለመሆኑ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ትመጣለች፣ ጥላው ረጅምና ለስላሳ ነው፣ የሚሳለው ሰው ፊትም ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ነው። የዚያን ሥዕል የጥላ መጠን እንዳለ አምጥተን አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ ሥር ተቀምጣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ላይ ብናሳርፈው ፊቷ ይታፈናል፣ ነጠላዋ ይቆሽሻል፣ ቀትሩም ቀትር አይመስልም።

ስለዚህ «በግራጫ ልጀምር ወይስ በቀለም?»፣ «ጥላውን በማልቲፕላይ (ፕሮግራሙ ራሱ በሚያጨልምበት ስልት) ላድርገው ወይስ በእጄ ልቀባው?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ልጆች መልሴ ራሱ ጥያቄ ነው፦ የምትስሉት የስንት ሰዓት ብርሃን ነው? የየትኛውስ ወር? ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ዘዴዎች ሁሉም ይሠራሉ። የሚለያዩት የትኛው ብርሃን ላይ እንደሚያግዙና የትኛው ላይ እንደሚያታግሉ ነው። ቫልዩ ስል ቀለሙን ወደ ጎን ትቼ አንድ ቦታ ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለማ እንደሆነ ብቻ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑ

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ናቸው። የአቃቂ ሜዳ 2,100 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ብርሃንን የሚበትነው አየር ሲሳሳ የሰማዩ ሰማያዊነት ይጠልቃል፣ ከሰማይ ወደ ጥላ የሚገባው ብርሃንም ይቀንሳል። በበጋ ቀትር ፀሐይ ባረፈበት ቦታና በጥላው መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው፣ ድንበሩም እንዲህ ስል የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ላይ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ያኔ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፤ ግንባር፣ የአፍንጫ አጥንትና ትከሻ ይበራሉ፤ የዓይን ጉድጓድ፣ ከአፍንጫ በታችና አገጭ ሥር ይጨልማሉ።

የዳርቻው መሬት ግን ይህን ጨለማ እንዲሁ አይተወውም። አስፋልት ያልገባበት መንገድ፣ ግንባታ ፊት የተቆለለ አሸዋና ጠጠር፣ ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ገና ያልዛገ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ብርሃን ይመልሳሉ። ከመሬት ወደ ላይ የሚመጣው ሞቅ ያለ ብርሃን አገጭን፣ የጣሪያን ክፈፍና የቆመ ኢሱዙን ሆድ ከታች ያነሳዋል። ያንኑ ሰው መሃል ከተማ ጥቁር አስፋልት ላይ አቁማችሁ ብታዩት አገጩ ሥር ያለው ጥላ አንድ ደረጃ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ለኔ የከተማ ዳር ሥዕልን የከተማ ዳር የሚያደርገው ይህ ከታች የሚመጣ ብርሃን ነው፤ ኮንዶሚኒየሙና ባጃጁ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ቅርጽ በግልጽ የሚነበብበት ሰዓት ነው፤ ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ክረምት ሌላ ነገር ነው። ደመናው ሰማዩን ሁሉ አንድ ትልቅ መብራት ያደርገዋል፤ የወደቀ ጥላ ይጠፋል፣ ነገሮች የሚለያዩት በራሳቸው ቫልዩ ይሆናል። ርጥብ ጭቃ ጨለማ፣ ጋቢ ብሩህ፣ ባሕር ዛፍ መካከለኛ። በረንዳ ውስጥ ወይም የሻይ ቤት ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰውም በበጋ ቢሆን እንኳ ከዚህ ዓይነቱ ብርሃን ጋር ይመደባል።

በግራጫ መጀመር ወይስ በቀለም

በግራጫ መጀመር ማለት ሥዕሉን በሙሉ በጥቁርና ነጭ ጨርሶ ከላዩ ከለር ሞድ ላይ ባለ ሌየር ቀለም ማልበስ ነው። ሌየር ማለት እንደ ስስ ወረቀት ከሥዕሉ ላይ የሚደረብ ንጣፍ ነው፤ ሞድ ደግሞ ያ ንጣፍ ከታቹ ካለው ጋር የሚዋሃድበት መንገድ፤ ከለር ሞድ የታችኛውን ቫልዩ ሳይነካ ቀለሙን ብቻ ያለብሳል። የበጋን ቀትር ለመሳል ያለማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። በቀትር ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቦታ ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም? ቀለም ሲገባ ዓይን ይሳሳታል። ቀይ ጃንጥላ ጥላ ውስጥ ሆኖም «ብሩህ ነኝ» ይላል፤ አረንጓዴ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ሆኖ ይደበዝዛል። ግራጫ ላይ ይህ ሁሉ ጫጫታ የለም። የብሎኩ ፀሐያማ ግድግዳ፣ የደረጃው ጨለማ አፍ፣ መሬቱ፤ ሦስቱን ካስቀመጣችሁ ሥዕሉ ቆሟል።

ግራጫው የሚያዳክመው ፊትን ነው። ቡናማ ቆዳ ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ መሸጋገሪያው የቀለም ሀብቱ ያለበት ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ ወደ ቀይና ወደ መዳብ ይደምቃል። ግራጫ ላይ አንድ ቡናማ በከለር ሞድ ከደፋችሁበት ይህ ድምቀት አይመጣም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። አንድ ወጣት ጎረቤቴ የአያቱን ፊት በዚህ መንገድ ጨርሶ ሲያሳያቸው፣ ትንሽ ተመለከቱና «ልጄ፣ ምነው ፊቴን አመድ አስመሰልከው?» አሉት። የሥዕል ትምህርት የሌላቸው እናት በትክክል ያዩት ነገር ነው። ቫልዩው ልክ ነበር፤ የጎደለው መሸጋገሪያው ላይ ያለው ቀለም ነው።

መፍትሔው ግራዲየንት ማፕ ነው፤ ለእያንዳንዱ የግራጫ ደረጃ የራሱን ቀለም የሚሰጥ መሣሪያ። ክሪታም ፕሮክሪኤትም ፎቶሾፕም ላይ አለ። ለጨለማው ጥልቅ ቀይ ቡናማ፣ ለመካከለኛው ደመቅ ያለ መዳብ፣ ለብሩሁ ጫፍ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ስጡት። የጠይም ሰው ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያበራው ነገር ብዙውን ጊዜ ከቆዳው የተንጸባረቀ ሰማይ ነውና ሰማያዊነቱ እንግዳ አይሁንባችሁ። ከዚያ በኋላ ኖርማል ሌየር (የታችኛውን በቀጥታ የሚሸፍን) ከፍታችሁ በእጃችሁ ቀቡበት። እዚህ ላይ ያለ እጅ ሥራ የሚያልቅ ፊት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠይም ቆዳ ላይ በራሱ ቀለምና በሃይላይቱ (ብርሃኑ በሚያንጸባርቅበት ቦታ) መካከል ያለው ርቀት ከነጣ ቆዳ ይሰፋል። ጉንጩን መጀመሪያውኑ ከልክ በላይ ካበራችሁት ለሃይላይቱ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም፤ ፊቱም ጠፍጣፋ ይሆናል። ፀሐይ ያገኘውን ቆዳ በድፍረት መካከለኛ ላይ አስቀምጡት፣ ብርሃኑን ለጥቂት ቦታ ቆጥቡ። የሰውን ፊት ቆንጆ ለማድረግ ማንጣት የለመደ ብዙ ሥራ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ውበቱን የሚሰርቀው እሱ ነው።

በቀለም መጀመር ለክረምትና ለበረንዳ ነው። የቫልዩ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ሥዕሉን የሚሸከመው የቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። የሰኔን ጭጋግ በግራጫ ጀምራችሁ ቀለም ብታለብሱት ሕይወት አይኖረውም። የዚህ ዘዴ አደጋ ሁሉም ነገር መሃል ላይ መሰብሰቡ ነው፤ ቀለሙ ያማረ ስለሆነ ዓይን ይታለላል፣ ጥቁርና ነጭ ስታደርጉት ግን አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ይገኛል።

ምን ታደርጋለህ ብትሉኝ፣ ሁለቱንም በሙሉ አልይዝም። የስልክ ማያ በምታህል ትንሽ ሸራ ላይ በሦስት ግራጫ ብቻ ንድፉን አወጣለሁ፣ ጥግ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ትልቁን ሥዕል በቀለም እሠራለሁ። ጊዜ የሌለውና አንድ መንገድ ብቻ መልመድ የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝ።

ስንት ደረጃ

አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት ማንሰል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባዘጋጀው ሥርዓት ጥቁር 0፣ ነጭ 10 ሲሆን በመካከላቸው 9 የግራጫ ደረጃዎች አሉ። ለልምምድ ጥሩ ነው። ሥዕል ሲጀመር ግን 9 ይበዛል። ለቀትር 3፣ ለፊት 5 ይበቃል፤ ለፊት ከሆነ 2ቱን ለጥላ፣ 3ቱን ለብርሃን መድቡ። ሰፊ መስክ ስትስሉ ለሩቁ አንድ ደረጃ ለዩለት። ከኮዬ ወደ ምሥራቅ የረርን የሚያይ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በደረቁ ወራት በአቧራ ውስጥ ተራራው ከሰማዩ ብዙም አይጨልምም፣ ዝናብ አየሩን ባጠበ ማግሥት ደግሞ ጠቁሮና ቀርቦ ይታያል።

«ጥላ ውስጥ ያለው እጅግ ብሩህ ነገር፣ ብርሃን ላይ ካለው እጅግ ጨለማ ነገር መጨለም አለበት» የሚል ሕግ ሰምታችሁ ይሆናል። ሕጉ እውነት የሚሆነው ለአንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ለቆዳ ከቆዳ፣ ለግድግዳ ከግድግዳ። ነጠላ ሲገባ ሕጉ ይፈርሳል፤ ቀጥሎ እንደምታዩት።

ማልቲፕላይ ወይስ በእጅ የተቀባ ጥላ

ማልቲፕላይ ሒሳብ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው፤ ማልቲፕላይ የታችኛውን ሌየር ቁጥር በላይኛው አባዝቶ ለ255 ያካፍላል። ምሳሌ እንውሰድ፦ ፀሐይ ላይ ያለ ነጠላ 240፣ ፀሐይ ላይ ያለ ጠይም ፊት 125 ይሁን። የጥላችሁ ሌየር 128 ግራጫ ቢሆን፣ ጥላ ውስጥ የገባው ነጠላ 120 ይሆናል። ፀሐይ ላይ ያለው ፊት 125፣ አጠገቡ ጥላ ውስጥ ያለው ነጠላ 120። ድንበሩ ጠፋ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ስትቆም ጉንጯና ከአንገቷ በስተጀርባ ያለው ጨርቅ አንድ ላይ ይቀልጣሉ፤ ሠዓሊው ደግሞ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ መስመር እየጨመረ ይታገላል።

ይህ የፊዚክስ ስሕተት አይደለም። በእውነተኛው ዓለምም ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ካለ ጠይም ቆዳ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ምርጫው የናንተ ነው። የጥላውን ሌየር ወደ 160 ብታነሱት ነጠላው 151 ይሆናል፣ ከ125ቱ ፊት ይለያል፤ ጥላ ውስጥ ያለው የፊት ክፍል ደግሞ 78 ላይ ይቀመጣል። ወይም ቫልዩውን እንዳለ ትታችሁ በቀለም ትለዩታላችሁ፦ ነጠላው ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ሰማያዊ፣ ፊቱ ሞቅ ብሎ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ሥዕሉ በትንሽ ስልክ ላይ ሲታይ ቀድሞ የሚነበበው ቫልዩ ስለሆነ።

የማልቲፕላይ ጥቅሙ ፍጥነቱና መታረሙ ነው። ደንበኛ «ትንሽ ይብራልኝ» ሲል አንድ ተንሸራታች መግፋት ይበቃል። ትእዛዝ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ ሁሉንም በእኩል ማጨለሙ ነው፤ ከመሬት የሚመለሰውን ያን ሞቅ ያለ ብርሃን አያውቀውም። 30 የነበረው ፀጉር በ128 ሲባዛ 15 ይሆናል፣ ሹሩባውም ሹሩባ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ማልቲፕላይ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በጥቁር ወይም በንጹሕ ግራጫ አትሥሩ፤ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያዘነበለ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይሁን። ሁለተኛ፣ ከላዩ ሌላ ሌየር ከፍታችሁ አገጭ ሥር፣ ክንድ ሥርና ጣሪያ ሥር የመሬቱን ቀለም ስስ አድርጋችሁ መልሱ። ያ የመለሳችሁት ብርሃን ግን ፀሐይ ካገኘው ቦታ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ሰውየው ከእሳት አጠገብ የቆመ ይመስላል።

በእጅ የተቀባ ጥላ እያንዳንዱን ቦታ ማሰብ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል። ለፊትና ለእጅ ግን የሚተካው የለም። እኔ ልብሱንና ግድግዳውን በማልቲፕላይ፣ ፊትንና እጅን በእጅ ነው የምሠራው።

ስለ ጠርዝ ጥቂት ብቻ፦ በቀትር የወደቀ ጥላ ጠርዙ ስል ነው፣ ከሚጥለው ነገር ሲርቅ ይለሰልሳል። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የተሰጣ ብርድ ልብስ መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ለስላሳ፣ የሰውየው ጫማ የሚጥለው ስል። ጉንጭ ላይ ያለው ጥላ ደግሞ በራሱ ቅርጽ ስለሚዞር ሁልጊዜ ይለሰልሳል። ሁሉንም በኤርብራሽ (ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ) ማለስለስ የጭስ ሥዕል ያመጣል።

ጥላ የሌለበት ምርጫም አለ

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ባህል ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም፤ መሬት ላይ የወደቀ ጥላም አይፈለግም። ጠፍጣፋ ጠንካራ ቀለም፣ ጠቆር ያለ የዙሪያ መስመር፣ የልብሱን እጥፋት ደግሞ በጠቆረ መስመር። ይህ የቫልዩ እውቀት ማነስ አይደለም፤ ሌላ የቫልዩ አጠቃቀም ነው። ጥቁር ፀጉር በብሩህ አክሊለ ብርሃን ላይ፣ ብሩህ ፊት በጨለማ ካባ ላይ፣ ነገሮች የሚነበቡት በአቀማመጣቸው ነው። ለልጆች ታሪክ፣ ለፖስተር፣ ለሱቅ ማስታወቂያና ለቲሸርት የምትሠሩ ከሆነ ከማንኛውም ጥላ ይልቅ ይህን እመክራለሁ። በፍጥነት ይሠራል፣ ጥሩ ይታተማል፣ የኛም ነው። ፈተናው አንድ ብቻ ነው፦ ሥዕሉን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት፤ ሰውየው ከጀርባው ካልተለየ ቀለም አትጨምሩ፣ ቫልዩውን አንቀሳቅሱ።

ቫልዩን መፈተሽ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል። ፎቶሾፕ ላይ ዲሳቹሬት የሚለው፣ ቀለምን አጥፍቶ ግራጫ የሚያደርግ ትእዛዝ ንጹሕ ቢጫንና ንጹሕ ሰማያዊን አንድ ዓይነት መካከለኛ ግራጫ ያደርጋቸዋል። ዓይናችን ግን ቢጫን ብሩህ፣ ሰማያዊን ጨለማ አድርጎ ነው የሚያየው። በመስከረም አደይ ባበበበት ሜዳ ዳር የቆመ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሥላችሁ በዲሳቹሬት ብትፈትሹት፣ አበባውና የመኪናው ሰማያዊ ተቀላቅለው ይታዩና የሌለ ችግር ልታርሙ ትነሳላችሁ። ትክክለኛው መለኪያ ለአረንጓዴ ብዙ፣ ለቀይ ያነሰ፣ ለሰማያዊ እጅግ ጥቂት ክብደት ይሰጣል፤ ለስክሪን በሚሠራበት አንድ መስፈርት 72፣ 21 እና 7 በመቶ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቱ፣ በጥቁር ሙሉት፣ ሞዱን ከለር አድርጉት። ስትፈልጉ ታበሩታላችሁ፣ ሲበቃችሁ ታጠፉታላችሁ። ክሪታ ላይ የዲሳቹሬት ፊልተር ራሱ አማራጮች አሉት፤ ሉሚኖሲቲ የሚለውን ምረጡ። ቀለም መምረጫው ላይ ብራይትነስ የሚለውንም ቁጥር አትመኑ፤ ንጹሕ ቢጫም ንጹሕ ሰማያዊም እዚያ 100 ናቸው።

ስክሪኑም ይዋሻል። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ብራይትነሱን ራሱ ይቀንሳል፤ እናንተም ሳታውቁት ሥዕሉን ማብራት ትጀምራላችሁ። መብራት ሲመለስ ጥላው ሁሉ ነጥቶ ይገኛል። አውቶማቲኩን አጥፉ፣ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውንም እንዲሁ። የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ፊት የምትሠሩ ከሆነ ጀርባችሁን ለመስኮቱ አትስጡ።

በምን ልሥራ

አጭር ነው። ኮምፒውተር ላለው ክሪታ፤ ነጻ ነው፣ እዚህ የተነሳው ነገር ሁሉ በሱ ይሠራል። አይፓድ ላለው ፕሮክሪኤት፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ የሌየሩ ብዛት ግን እንደ ሸራው መጠንና እንደ መሣሪያው ይገደባል። ፎቶሾፕ በየጊዜው ክፍያ ይጠይቃል፣ ከአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ደግሞ ለብዙዎች ቀላል አይደለም። ስልክ ብቻ ያለው አይቢስ ፔይንት ይጫን፤ ቫልዩ ለመማር ጣት ይበቃል፤ በሦስት ግራጫ ትልልቅ ቅርጽ ማስቀመጥ ስስ ብዕር አይፈልግም።

ለስልክ የሚሆንና ለኅትመት የሚሆን ሥራ ግን አንድ ፋይል አይሁን። ፀሐይ ላይ ቆሞ በስልኩ የሚያይ ሰው የጥላችሁን ጥልቅ ክፍል አይለየውም፤ ለስልክ ሲሆን ጨለማዎቹን አራርቁ፣ ከ20 በታች አስፈላጊ ነገር አታስቀምጡ። ካንቫስ ላይ ሲታተም ደግሞ ስክሪን ላይ ካያችሁት ጠቆር ብሎ መውጣቱ የተለመደ ነው። ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት ፊቱንና የነጠላውን ጥላ ብቻ ቆርጣችሁ በትንሹ አሳትሙ፣ ከማተሚያ ቤቱ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፣ ጥላው ከታፈነ የጥላውን ሌየር ብቻ አንስታችሁ እንደገና ላኩ።